አሮጌዋን መኪና ስንለውጥ

መስከረም 22

ይድረስ ለእታለም፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺንም እማንም በሙሉ ጤና፣ ቤታችሁንም በሰላም ያግኝልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ዘንድሮ ዘግይቷል። መጋዘኑም እንደ ድሮው ነው፤ ሳጥን ማንሳት፣ ሳጥን ማውረድ።

ባለፈው በስልክ የነገርሽኝ ከልቤ አልወጣ አለ። ደንበኛሽን ልብስ ሰፊውን ከኩላሊት እጥበት ስትመልሺው መኪናዋ አቀበቱ ወገብ ላይ ተንገጫግጫ ቆመች፣ ሰውየውም «ልውረድና ልግፋልሽ» አለ ያልሽው። አንቺ እየሳቅሽ ነበር ያወራሽኝ። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልሳቅኩም። ማሽን ላይ ተኝቶ የዋለ ሰው መኪና ሊገፋ!

ስለዚህ ቆርጫለሁ፤ እንለውጣት። አሮጌዋን ለመኪና ነጋዴ ትሰጪያለሽ፣ እሱ ዋጋዋን ከአዲሷ ላይ ይቀንስልሻል፣ ልዩነቱን እኔ እልካለሁ። አንቺ ሻል ያለች መኪና እየነዳሽ ትወጫለሽ። ውክልናው እጅሽ ላይ ነው፤ መሸጥም መለወጥም ትችያለሽ። ሊብሬዋ ላይ ያለው ስም የእኔ ቢሆንም መኪናዋ ያንቺ ናት። ይሄን ስንት ጊዜ ልበልሽ? እኔ ጥያት ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ ፍሪሲዮኗንም ካምቢዮዋንም ያሠራሽው፣ በሽተኛ እያመላለስሽ ቤት ያቆምሽባት አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ብቻ፤ ነጋዴው ፊት አትሳቂ። አንቺ ስትስቂ ሆድሽ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያል።

ይሄን ለእማ አንብቢላት፦ እማዬ፣ ስልክ አይሰማኝም ብለሽ ስለምታኮርፊ ይኸው ጻፍኩልሽ። መድኃኒትሽን እንዳትዘነጊ። በአዲስ መኪና የምትንሸራሸሪበት ቀን ቀርቧል።

ናፋቂሽ፣ ታናሽ ወንድምሽ


ጥቅምት 9

ለምወድህ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። እማ ያንተን ክፍል ሦስቴ አስነበበችኝ። በሦስተኛው «አንቺ ስታነቢ ድምፁን ታበላሺዋለሽ» አለችኝ። እሷ ደህና ናት ማለት ነው።

ሄድኩ። ከትልቁ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። መኪኖቹ እንደ ሙሽራ ታጥበው ተደርድረዋል፤ ጎማቸው ሳይቀር ዘይት ተቀብቷል። ባለቤቱን ሠራተኞቹ ሳይቀሩ «ሳቂታው» ነው የሚሉት። እውነትም ይስቃል። ሲያተርፍም ሳይሆንለት ሲቀርም ያው ሳቅ ነው፤ ከፊቱ ምንም አይነበብም።

መኪናችንን ዙሪያዋን ዞረ። ላሜራዋን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን ደቅኖ ሰማ። ኮፈኗን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ተነፈሰ።

«እመቤት፣ ይቺ እኮ ጡረታዋን ነው የምትጠይቀው» አለኝ።

«ጡረታ የሚጠይቅ የሠራ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ዋጋ ጠራ። «ይሄ ለጎማዎቹ ነው ለመኪናዋ?» አልኩት። አሁንም ሳቀ። እኔ ግን እንዳልከኝ አልሳቅኩም፤ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ።

ግቢው ጥግ ላይ አንዲት አየሁ። ጣራዋ ከፍ ያለ፣ በሯ ወደ ጎን የሚንሸራተት። በሽተኛ ጎንበስ ሳይል፣ እግሩን ሳይጎትት ይገባባታል። ዓይኔ እዚያ መሄዱን ሳቂታው አየና ጨዋታው ተበላሸ። የአሮጌዋን ዋጋ ትንሽ ከፍ ያደርግልኛል፤ ወዲያው አዲሲቱ አብራ ከፍ ትላለች። በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ይቀበለኛል። ራሴን አዞረኝና «እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ምን ላድርግ?

እህትህ


ጥቅምት 25

ይድረስ ለእታለም፣

ጤናሽ ይብዛ፤ እማም ትሰንብትልኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ አጠገቤ ያለው ሰው «ምን ያስቅሃል?» እስኪለኝ ስቄያለሁ። «ጡረታ የሚጠይቅ የሠራ ነው»!

አሁን ስሚኝ። ሁለቱን ነገር አታደባልቂለት። አዲሲቱን ጨርሰሽ እርሻት። አሮጌዋን ብቻ፣ በጥሬ ገንዘብ ሊገዛሽ እንደሆነ አድርገሽ አስጨርሺው። «ሌላ መኪና አልፈልግም፤ ይቺን ብቻ ስንት ትወስዳታለህ?» በይው። ዋጋው ሲቆረጥና እጅ ስትጨባበጡ፣ ያኔ ስለ አዲሲቱ ታነሺያለሽ። እዚህ ያሉ አዋቂዎች ሁሉ የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ለየብቻ።

ደግሞ አሳምሪያት። ጎማዎቿ ይቀየሩ፤ የተፋፋቀው በሯ ቀለም ይቀባ። ይሄ ወር ትንሽ ጠበብ ብሎኛልና ካስቀመጥሻት ላይ አውጪ። ከልዩነቱ ጋር አብሬ እመልሳለሁ።

የሰውየውንም ስልክ ላኪልኝ። ገንዘቡን በቀጥታ ለእሱ ብልክ አንቺም ከመንገላታት ትድኛለሽ።

ወንድምሽ


ኅዳር 14

ለወንድሜ፣ ለመካሪዬ፣

ካለህበት ሰላምታዬን ተቀበል። የምጽፍልህ ደስታዬ ሳይበርድ ነው።

አራቱንም ጎማ ቀየርኩ። በሯን ቀለም ቀቢው አንድ ቀን ሙሉ ለፋባት፤ ጎረቤት «ገዛሽ እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ። ከዚያ መጀመሪያ ወደ ሳቂታው አልሄድኩም። እዚያው መንገድ ላይ ሌላ ነጋዴ አለ፤ እሱ ዘንድ ገብቼ ዋጋ አስጠራሁ። ያንን ይዤ ወደ ሳቂታው ዞርኩ።

«አዲሲቱን ልትወስጂ ነው የመጣሽው?» አለኝ።

«አዲሲቱን ትቻታለሁ። ይቺን ሽጬ ልገላገል ነው። ያ ጎረቤትህ እንዲህ ብሎኛል።»

«እሱማ እብድ ነው።»

«እንግዲያው ለእብዱ ልሽጣት» ብዬ ሞተር አስነሳሁ። ካንዴላዋን አስቀይሬያት ነበርና በአንድ ቁልፍ ተነሳች። በሩ ጋ ስደርስ በመስታወት አየዋለሁ፣ እየሮጠ ነው! ያ ሰው፣ በዚያ ሆዱ! መስኮቴን ይዞ እያለከለከ «ከአንቺ ጋር ከመነጋገር ድንጋይ መፍለጥ ይሻላል» አለና የልቤን ዋጋ ጠራ። ተጨባበጥን።

ከዚያ ቁጭ አልኩና «እስቲ ያቺን ጣራዋ ከፍ ያለውን አሳየኝ» አልኩት። ሳቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቱ ጠፋ። «ተጫወትሽብኝ» አለኝ። እሷንም ደህና አድርጌ አስቀነስኩ። ውል የምንፈርመው ያንተ ልዩነት እንደደረሰ ነው።

ልብስ ሰፊውን ወስጄ አስሞከርኩት። በሩን አንሸራተተ፣ ገባ፣ ተቀመጠ፣ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ። «እንደ ሰው ገባሁ» አለ። ይሄን የምጽፍልህ ያንተ ሥራ ስለሆነ ነው። ምርቃቱ ላንተ ነው የሚገባው።

የነጋዴው ስልክ ከወረቀቱ ጀርባ አለ። ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 20

ለወንድሜ፣

ሰላም ነህ ወይ? ደብዳቤዬ አልደረሰህ ይሆን? ስልክህም ይጠራና ዝም ይላል። እማ «አሞት ይሆናል» እያለች ናት፤ እኔ «ሥራ በዝቶበት ነው» እላለሁ። ሳቂታው መኪናዋን ለሌላ ሰው እንዳይሰጣት ሰጋሁ። ልዩነቱ ቢያስቸግርህ ግማሹን እኔ ካስቀመጥኩት መሸፈን እችላለሁ፤ አትጨነቅ። ብቻ ደህና መሆንህን ጻፍልን።

እህትህ


ጥር 3

ይድረስ ለእታለም፣

ጤና ይስጥልኝ። ደህና ነኝ፤ ሥራ ነው። ከነጋዴው ጋር በስልክ ተነጋግረናል፤ ጨዋ ሰው ነው። መካኒኮቹ እንዲያዩአት መኪናዋን ከነቁልፏና ከነሊብሬዋ አስረክቢው። ልዩነቱ በመንገድ ላይ ነው። ካስቀመጥሽው ግማሹን ከሸፈንሽ ጥሩ ነው፤ አዘጋጂው። እማን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 27

ወንድሜ፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። ደህና መሆንህን ሳቂታው ነግሮኛል።

እንዳልከኝ ቁልፉንም ሊብሬዋንም አስረክቤ ለጥቂት ቀን በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ሊፈረም ነው ብዬ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥሬ፣ ደህና ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። እማ በር ላይ ወጥታ ሸኘችኝ። «ስትመለሺ ጡሩምባ አድርጊ፣ ልሰማው» አለችኝ።

ግቢው ስገባ አሮጌዋ ከፊት ረድፍ ቆማለች። ታጥባ፣ ጎማዋ ዘይት ተቀብቶ፣ መስታወቷ ላይ ዋጋ ተለጥፎባት።

«ገና ሳንፈርም ለሽያጭ አወጣሃት?» አልኩት።

«ወንድምሽ ጨረሰ እኮ» አለኝ።

«ምኑን ጨረሰ?»

«ሽያጩን። ገንዘቡም ገብቶለታል። አዲስ ውክልና ለሚስቴ ወንድም ልኮ፣ እሱ ፈረመለት።»

«የእኔ ውክልናስ?»

«ተሽሯል። አልነገረሽም እንዴ?»

 ሰውየው ፊቴን አየና ወንበር ሳበልኝ። የሚስቅ ሰው ማዘን ሲጀምር ያስፈራል። «እኔ እኮ ተናባችሁ የምትሠሩ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ወንድምሽ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ ‹እህቴ ስንት ላይ አደረሰችህ?› ነው። የደረስሽበትን ስነግረው ‹ከዚያ በታች ንክች አላደርግም› ይለኛል። አንቺ ከዚህ ትገፊኛለሽ፣ እሱ ከዚያ ይይዘኛል። እነዚህ እህትና ወንድም አጠቡኝ ብዬ ለሚስቴ ሳይቀር አውርቻለሁ።»

ስለ አዲሲቱ ጠየቅኩት። «ስለ እሷ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም» አለኝ።

ዕቃዬን ላውጣ አልኩት፤ ከፈተልኝ። ልብስ ሰፊው ከጀርባው የሚያደርጋትን ትራስ፣ ጃንጥላዬን፣ የእማን መነጽር በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን እጥበት ነበረው። ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ አዲሲቱን ነበር የሚጠብቀው። በታክሲ ሄድን። ወንበር አጥተን ግማሹን መንገድ ቆምን።  ሲወርድ ትራሱን ከእጄ ተቀብሎ «እኔ ልያዝልሽ» አለኝ። እዚያ ነው ያለቀስኩት።

ለእማ «ጋራዥ ናት» አልኳት። ላንተ ብዬ ሳይሆን አፌ ላይ ሌላ ቃል ስላልመጣ ነው።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ያን የመጀመሪያውን ደብዳቤ፣ «መኪናዋ ያንቺ ናት» ያልክበትን ስትጽፍ፣ ይሄን አስበህ ነበር?

እህትህ


የካቲት 21

ይድረስ ለእታለም፣

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። ብታዝኚብኝ አልፈርድብሽም።

ለጠየቅሽኝ፦ አላሰብኩም። የመጀመሪያውን ስጽፍ ከልቤ ነበር፤ ይሄን እመኚኝ። ልዩነቱን ከየትም ከየትም ብዬ የማገኝ መስሎኝ ነበር። መጋዘኑ ከተዘጋ ቆይቷል። ሥራ አለኝ ስላችሁ ሥራ አልነበረኝም። ለእማ የምልከው ሁሉ ከሰው የተበደርኩት ነው። የቤት ኪራይ ከብዶኝ ዕቃዬን ይዤ ጓደኛ ዘንድ ገባሁ፤ ሶፋ ላይ ነው የምተኛው። አበዳሪዎቼ ጠዋት ማታ በር ያንኳኩ ጀመር። በዚህ መሃል ያንቺ ደብዳቤ መጣ። ሰውየው ዋጋ እንደጠራ ሳነብ፣ ዋጋው ከፍ ቢል ከዚህ ጣጣ ያወጣኛል የሚል ሐሳብ ገባኝ። ከገባ በኋላ አልወጣም።

ልነግርሽ ስንት ጊዜ ብዕር አነሳሁ። ብነግርሽ ኖሮ እሺ ትይኝ ነበር? ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ካልን መኪናዋ የእኔ ነበረች። እነዚህን ሁሉ ዓመታት ስትሠሪባት የኪራይ ብዬ አንድ ሳንቲም ጠይቄሽ አላውቅም። ይሄንንም ከግምት አስገቢልኝ።

የጎማውን እመልሳለሁ። ሁሉንም እመልሳለሁ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ለእማ እንዳትነግሪብኝ። ስሜን አታጥፊብኝ። እሷ ካወቀች ዳግመኛ ፊቷን ማየት አልችልም። ከታች ያለውን ብቻ አንብቢላት። እባክሽ እታለም።

ለእማ የሚነበብ፦ እማዬ፣ አዲሷ መኪና እንዴት ናት? ወንበሯ ለወገብሽ ተመቸሽ? በሯ ወደ ጎን ይንሸራተታል አይደል? እኔ ሥራው ጥሩ ነው፤ አለቃዬም ይወደኛል። እህቴ ቀስ ብላ ትንዳ በይልኝ።

ልጅሽና ወንድምሽ


መጋቢት 18

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገርህ። ወደ ሳቂታው ተመልሼ ሄድኩ። «ዛሬ የምለውጠው የለኝም፤ የምገዛ ነኝ» አልኩት። ያቺ ከፍ ያለ ጣራ ያላት ተሽጣለች። ከግቢው ጀርባ አንዲት ትንሽዬ አገኘሁ፤ አካሏ ነጭ፣ አንዱ በሯ ሰማያዊ። ከሌላ መኪና ተነቅሎ የተገጠመ ነው። ኮፈኗን አስከፈትኩ፤ ሞተሯ በርዶ እያለ አስነሳሁት፤ ያን አቀበት ሙሉ ጭነት ጭኜ ወጣሁባት። ከዚያ ተከራከርኩ። እንደዚያን ጊዜው ግን አልተሯሯጠልኝም። በር ላይ ደርሼ ዞር ስል ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ ያማስላል። ስለዚህ ራሴ ተመለስኩና በተገናኘንበት ተስማማን። ያስቀመጥኩትን ቀብድ ሰጠሁት፤ ቀሪውን በየወሩ እከፍላለሁ። ሊጽፍ ብዕሩን አንስቶ «በማን ስም ይሁን?» አለኝ። «በእኔ» አልኩት። ይሄን ቃል ስናገር ድምፄ ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ የጮኽኩት ያህል ተሰማኝ።

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ጉልበቱ ከፊት ወንበር ጋር ይጋጫል። «ቀለሟ ደስ ይላል፤ ከሩቅ ትለያለች» ይለኛል፤ ለእኔ ብሎ ነው።

አሮጌዋን ባለፈው መብራት ላይ አገኘኋት። አንድ ጎረምሳ ይነዳታል፤ መስታወቷን አጥቁሯል። ጡሩምባዋን ሰማሁና ደጅ ደርሼ እማን የጠራኋት ያህል ልቤ ዘለለ። ከዚያ አረንጓዴ በራ፤ ሄደች።

ስለ ኪራይ ለጻፍከው። ያልተኛሁበትን ሌሊት፣ በክረምት ሥሯ ገብቼ ዘይት የቀየርኩበትን፣ ለፍሪሲዮኗ ስል ያስቀረሁትን የራሴን ጫማ ቆጥሬ ልልክልህ ወረቀት አንስቼ ነበር። ቀደድኩት። ያ ሁሉ ድካም እንዳንተ ዓይነት ሰው እንዲያመዛዝነው አልፈልግም።

እታለም ብትቆጣ ያልፍላታል ብለህ ይሆናል። መኪናዋን ሥራ አጥቼ ተቸግሬያለሁ ብለህ ብትጠይቀኝ ቁልፉን እኔው አስረክቤ፣ እኔው ሸጬ፣ ሳንቲም ሳልነካ እልክልህ ነበር። ይሄን አንተም ታውቃለህ። ለዚህ ነው የሚያቃጥለኝ። እኔን ለማታለል ምንም አያስፈልግህም ነበር።

አሁን ወደ እማ። ደብዳቤህን ይዤ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች ያለውን ብቻ ላነብላት ነበር፤ እውነቴን ነው። «አዲሷ መኪና እንዴት ናት?» የሚለው ላይ ስደርስ «የቷ መኪና?» አለችኝ። ሰማያዊ በር ያላትን በእጇ ዳብሳታለች፤ በሯ ወደ ጎን እንደማይንሸራተት ታውቃለች።  ወረቀቱን ወደ ላይ መለስኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩላት። ጋራዥ ናት ብዬ የዋሸሁትንም ነገርኳት።

ጨርሼ ቀና ስል ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው። መጀመሪያ ያለችው ምን እንደሆነ ልንገርህ?

«ሥራ የለውም ነው ያልሽኝ?»

«አዎ እማ።»

«ታዲያ ምን እየበላ ነው?»

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ግቢ ውስጥ የደረቀ ልብስ ነበር፤ እየጎተትኩ ከገመዱ አወረድኩት፤ አንዱን ሸሚዝ ቀደድኩት። እኔን እኮ አንድም ቀን ምን በላሽ ብላኝ አታውቅም። አንተ ወስደህም ቢሆን የሚታዘነው ላንተ ነው። ያን ሰዓት ሁለታችሁንም ጠልቻችሁ ነበር፤ አልደብቅህም።

ከዚያ ጠራችኝ። ገባሁ። አጠገቧ አስቀመጠችኝና እጄን ያዘች፤ የጣቶቼን ዘይት በአውራ ጣቷ ጠረግ ጠረግ አደረገችው፤ አልለቅ አለ። «ወረቀት አምጪ» አለችኝ። «እኔ የምልሽን ጻፊ። ቃል አትጨምሪ፣ ቃል አትቀንሺ።» ይኸው ያለችው፦

«ልጄ፣ ደብዳቤህን ሰማሁት። ጤናህን ጠብቅ፤ ሥራ እስክታገኝ ለእኔ አትላክ፤ እህትህ አላስራበችኝም። መኪናዋ ደህና ዋጋ አወጣች አሉኝ። እህትህስ ስንት አወጣችልህ?»

ከዚህ ሌላ ያለችው የለም። እኔም አልጨመርኩም።